የጥቁር አሸዋው ሴሪየም ላብራቶሪ ሲገባ ለምን ወረደ?

ከባቢሌ አንድ ልጅ እንዲህ ብሎ ጠየቀኝ፣ ከደረቅ ወንዝ 20 ኪሎ አሸዋ በሳፋ አጥቦ 50 ግራም ጥቁር አሸዋ አወጣ፣ ድሬ ወስዶ በእጅ በሚያዘው ኤክስአርኤፍ (በኤክስሬይ ንጥረ ነገሮችን በሚለካው መሳሪያ) ሲያስለካው ሴሪየም የሚባለው ብረት ከፍ ብሎ ወጣ፣ ላብራቶሪ ሲልከው ግን ቁጥሩ ወረደበት፣ የቱን ልመን ነው ጥያቄው።

አቦ ተስፋ አትቁረጥ፣ መጀመሪያ የላቡን ወረቀት አውጣና ሳምፕሉን በምን እንዳሟሙት እይ። አኳ ሬጂያ (የናይትሪክና የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ድብልቅ) ካለ ችግሩ እዛው ነው፣ ምክንያቱም ሴሪየሙን የያዘው ሞናዛይት የሚባለው ማዕድን ከሆነ ያ አሲድ በደንብ አያሟሟውም፣ ያልሟሟው ታች ይቀራል የሚለካው ደግሞ ፈሳሹ ብቻ ነው። አራት አሲድ ደባልቀው ቢያሟሙትም ሁሉም ላይወጣ ይችላል። ላቡ የታዘዘውን ነው የሰራው፣ ስለዚህ ከተረፈው ሳምፕል ላይ በሊቲየም ቦሬት (ድንጋዩን በእሳት ሙሉ በሙሉ በሚያቀልጠው ጨው) አቅልጣችሁ አይሲፒ ኤምኤስ በሚባለው መለኪያ አንብቡልኝ በላቸው። ኤክስአርኤፍ ለጥቆማ ጥሩ ነው።

ሌላው ደግሞ፣ 20 ኪሎውን 50 ግራም ስታደርገው እኮ 400 እጥፍ አጠበብከው። መሬት ላይ ሴሪየም በአማካይ 60 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 60 እጅ) ገደማ አለ፣ እንደናንተ ግራናይት አገር ታጥቦ ከባዱ ማዕድን ሲቀር ቁጥሩ መዝለሉ አይቀርም፣ ያ የድንጋዩ ቁጥር አይደለም። ጥቁር መሆኑም ብቻውን ምንም አይደለም፣ ከባዝልት የሚመጣው ጥቁር አሸዋ ብዙው ማግኔታይት (ማግኔት የሚስበው የብረት ማዕድን) ነው፣ ማግኔት አስጠግተህ እሱን አውጣና የቀረውን በሌንስ እይ፣ የማር ቀለም ያላቸው ፍሬዎች ካሉ ሞናዛይት ሊሆኑ ስለሚችሉ ደስ ይለኛል።

ከዛ ወንዙን ወደ ላይ ውጣ። ገባር በተገናኘበት ሁሉ ከመገናኛው ከፍ ብለህ ከሁለቱም ለየብቻ ውሰድ፣ ሁሌም እኩል 20 ኪሎ፣ ከድንጋይ ጀርባ ጎርፍ ካስቀመጠው፣ ጂፒኤሱንና የታጠበውን ክብደት እዛው ቁመህ ጻፍ፣ እኔ ወጣት እያለሁ ቤት ገብቼ እጽፈዋለሁ እያልኩ የአንድ ሳምንት ስራ ጠፍቶብኛል። ቁጥሩ የሚጨምርበትን የወንዙን ክንድ ተከተል፣ ድንገት ከወረደ ምንጩን አልፈኸዋል ማለት ነው። ቁፋሮ ግን ያለ ፈቃድ እንዳትጀምር።

አደራ የምልህ፣ ሞናዛይት ቶሪየም ስላለበት ጨረር አለው፣ ልጆች ከሚተኙበት ክፍል አውጣው፣ ቤት ውስጥም እንዳትወቅጠው አቧራው ነው ክፉው። አዲሱ ውጤት ሲመጣ ሴሪየሙንና ቶሪየሙን አብረህ ላክልኝ፣ ሁለቱ አብረው ከወጡ ወደ ሞናዛይት ያደላል።