ኮዮቴ ግልገሎቼን ፈጀብኝ፤ የትኛውን ጥይት ልግዛ?

ጥያቄ፦ ቴክሳስ ውስጥ ከከተማ ወጣ ብዬ ፍየል አረባለሁ። ገዢዎቼ በብዛት የአገራችን ሰዎች ናቸው። ዘንድሮ አራት ግልገሎች ሞተው አገኘሁ፤ ኮዮቴ (ቀበሮ መሰሉ የአሜሪካ የዱር አውሬ) ነው ብያለሁ። .223 (ቁጥሩ የጥይቱ ልክ ነው) ጠመንጃ ገዝቼ ጥይት ልገዛ ስገባ ግን የካርቶኑ ብዛት ግራ አጋባኝ። ርካሹ ይበቃል? ወይስ ጠመንጃውን በትልቅ ልለውጠው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጠመንጃውን አይለውጡ። ኮዮቴን ጸጉሩ ነው የሚያገዝፈው እንጂ ክብደቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ነው። እኛ አገር ቤት ምንሽር እያየን ስላደግን ጠመንጃ የምንመርጠው በጉልበቱ ነው። እርስዎ ግን ከአጥርዎ ማዶ ጎረቤት አለዎት። ጥይቱ ኮዮቴውን ቢስት የት ያርፋል? ምርጫው ከዚህ ይጀምር።

ካርቶኑን ያንሱና ቁጥሩን ይዩ። 55 ግሬን የሚል ይፈልጉ፤ የአረሩ ክብደት ነው፣ 3.6 ግራም ገደማ። ቀጥሎ ፊደሎቹን ያንብቡ። ኤፍ ኤም ጄ ካለ ርካሹ እሱ ነው፤ ለኢላማ መለማመጃ ይሁንዎት። ይህ አረር በመዳብ የተሸፈነ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ቀጭን ቀዳዳ በስቶ ያልፋል። አውሬው ቆስሎ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ ይሰቃያል። አረሩም ድንጋይ ከነካ ነጥሮ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም። የሚበጅዎት ጫፉ ላይ ትንሽ ፕላስቲክ ያለው ነው፤ ለምሳሌ ቪ-ማክስ የሚባለው ቀይ ጫፍ። ሰውነት ውስጥ ገብቶ ይፈረካከሳል፣ አውሬውም ወዲያው ይወድቃል። መሬት ቢመታም የመንጠር ዕድሉ አነስተኛ ነው። ቢሆንም ከኋላው አፈር ወይም ጉብታ ሳያዩ ቃታ አይሳቡ።

ትንሿን .22 ለጥንቸል ይተዉአት። .22-250 እና .243 የሚባሉት ጠንካራ ጥይቶች ሜዳማና ነፋሻማ በሆነው ምዕራብ ቴክሳስ፣ ከ300 ሜትር በላይ ለሚተኩስ ሰው ናቸው። አንድ ነገር ግን አደራ፦ በርሜሉ ላይ .223 ብቻ ከተጻፈ 5.56 የሚል ጥይት አያጉርሱት። መልካቸው አንድ ነው፤ የ5.56 ግፊት ግን ሊበልጥ ይችላል።

አሁን ወደ ግልገሎቹ ልመለስ፤ ጥርጣሬ ገብቶኛል። በሚቀጥለው ጊዜ የሞተ ሲያገኙ የአንገቱን ቆዳ ገፈው ይመልከቱ። ከመንጋጋው ሥር የጥርስ ቀዳዳ ካለና ዙሪያው ደም ከቋጠረ፣ ግልገሉ በሕይወት እያለ ጉሮሮውን ተይዟል፤ ያ የኮዮቴ አሠራር ነው። ደም ካልቋጠረ ግን ግልገሉ ቀድሞ በብርድ ወይም በበሽታ ሞቶ ይሆናል፤ ኮዮቴው የመጣው ለጥንቡ ነው። ኋላ እግሩና ጎኑ እንዲያው ተቦጫጭቆ ካገኙት ደግሞ የጎረቤትን ውሻ ይጠርጥሩ። ውሻ ገድሎ ከጎረቤት መጣላት ከአራት ግልገል ይከፋል።

ሕጉን በተመለከተ፣ በቴክሳስ የቤት እንስሳ በቅርቡ ያጠቃ ወይም ሊያጠቃ የተቃረበ ኮዮቴን ለመግደል የአደን ፈቃድ አይጠየቅም። የግሪን ካርድ ባለቤት ከሆኑ መኖሪያ ወረቀትዎ አያግድዎትም። በጊዜያዊ ቪዛ ያሉ ከሆነ ግን የፌዴራል ሕጉ ጠመንጃም ጥይትም መያዝን በመርህ ይከለክላል፤ የተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች ስላሉ ጠበቃ ያማክሩ።

ጥይቱን ሲገዙ ሁለት ካርቶን ከአንድ ዓይነት ይውሰዱ። በአንዱ 100 ያርድ (91 ሜትር ገደማ) ላይ ኢላማዎን ያስተካክሉ። የጥይት ዓይነት ከተቀየረ የሚመታበት ቦታም ይቀየራል።