‹ሰፊ ከፋች ድብቅ ማጠፊያ› ይባላልን?

ጥያቄ፦ «ለእንጨት ሥራ ሠልጣኞች አጭር መመሪያ እየጻፍኩ ነው። አንዱ ምዕራፍ፣ መዝጊያው ከሣጥኑ ግንባር ጋር እኩል ሆኖ ወደ ውስጥ ለሚገባ ካቢኔት፣ ከውጭ የማይታይና በጣም የሚከፈት ማጠፊያ እንዴት እንደሚመረጥ ያስረዳል። ርእሱን ‹ለውስጥ በር የሚሆን ሰፊ ከፋች ድብቅ ማጠፊያ› አልኩት። አርታዒዬ ግን ‹ማጠፊያ ስሕተት ነው፤ መታጠፊያ በል› አሉኝ። የቱ ነው ትክክል?»

መልስ፦ ማጠፊያ ትክክል ነው። ወደ እሱ ከመድረሴ በፊት ግን እርስዎም አርታዒዎም ሳትጠረጥሩት ያለፋችሁትን ‹በር› ላንሣ፤ ከርእሱ ሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ እሱ ነውና።

በር መግቢያው ነው። መቃንና ጉበን ዙሪያውን ይይዙታል፤ መዝጊያ ይዘጋዋል። «በበሩ ገባ» እንላለን እንጂ በመዝጊያ የገባ ሰው የለም። በወሬ መካከል ሁለቱን ብናደባልቅ የሚጎዳ የለም፤ ልክ በሚሰጥ ጽሑፍ ውስጥ ግን ጣውላ ያስከስራል። የካቢኔቱ በር 600 በ700 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። ወደ ውስጥ የሚገባው መዝጊያ በየጎኑ 2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይፈልጋልና 596 በ696 ሆኖ ይቆረጣል። መመሪያው «የበሩ ወርድ 600» ቢልና ሠልጣኙ በር ማለት ጣውላው ነው ብሎ ቢረዳ፣ 600 ቆርጦ ይመጣና አይገባለትም። መዝጊያው ጥንድ ከሆነ የመካከሉም ክፍተት ይቀነሳል፦ 800 ሚሊ ሜትር ወርድ ካለው በር ሦስት ጊዜ 2 ሲነሣ 794፣ ለሁለት ሲካፈል እያንዳንዱ መዝጊያ 397 ይሆናል። ይህን ስሌት ‹በር› በሚል አንድ ቃል ብቻ ጽፈው ይሞክሩት፤ ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ አንባቢው ይጠፋል።

አሁን ወደ ማጠፊያ። ሥሩ ዐጠፈ ነው፤ በግእዝ ዐጸፈ። ዐጽፍ የሚባለው መጐናጸፊያም ከዚሁ ግሥ የወጣ ነው። የግእዙ ጸ በአማርኛ ጠ የሚሆንበትን መንገድ ጸጉርና ጠጉር፣ ጸበበና ጠበበ፣ ሐጹርና አጥር ያሳዩናል። የመሣሪያ ስም በ‹መ› ይነሣና በ‹ያ› ያርፋል፤ ግሡ በ‹አ› ድምፅ ሲጀምር ‹መ› ወደ ‹ማ› ይሳባል፦ ማሰሪያ፣ ማጠቢያ፣ ማጠፊያ። ከፈተና ቈረጠ ግን መክፈቻና መቍረጫ የሆኑት ትና ጥ ወደ ላንቃ ድምፅ ስለሚለወጡና ‹ያ›ን ስለሚውጡት ነው። ፍ አይለወጥም፤ ስለዚህ ‹ያ› ሙሉ ሆኖ ቀረ።

‹መታጠፊያ› የሚሉት ወገኖች ክርክራቸው ግልጽ ነው፦ ዕቃው ራሱ ይታጠፋል እንጂ ሌላ አያጥፍም፤ ስለዚህ ስሙ ከተገብሮው ‹ታጠፈ› ይውጣ። አልቀበለውም። የመሣሪያ ስም የሚወጣው መሣሪያው ከሚያስገኘው ድርጊት ነው፤ ማጠፊያም መዝጊያውን መልሶ ያጥፋል። መታጠፊያ በበኩሉ የቦታ ስም ሆኖ ከመንገድ ጋር ተጣብቋል፤ «መታጠፊያው ላይ ጠብቀኝ» ስንል የሚመጣልን የመንገዱ ማእዘን ነው። አንዳንዱ ‹ማንጠልጠያ› ይላል፤ ይህ ግን ከላይ ለሚይዝ ነገር፣ ለምሳሌ ለልብስ ይሁን። ‹ሂንጅ›ንም እሰማለሁ፤ የራሳችን ቃል እያለ ለምን እንደምንበደረው አይገባኝም።

‹ድብቅ›ን በ‹ስውር› ቢለውጡት እወዳለሁ። ድብቅ የሆነ ነገር እንዳይገኝ አስቦ የሸሸገው ሰው አለው። ስውር ከሚታይበት ወገን ያልታየ ነው። ይህ ማጠፊያ ከውጭ አይታይም እንጂ መዝጊያው ሲከፈት ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ ይገኛል። ‹ስውር ደባ› የሚለውን ጠቅሶ የሚሞግተኝ ይኖራል፤ ‹ዐይነ ስውር› ግን ቃሉ ሽሸጋን የግድ እንደማይዝ ያሳያል። በሰዋስው ረገድ ‹ድብቅ› ነቀፋ የለበትም፤ ብዙዎችም ይሉታል። የእኔ ምርጫ ጣዕም ነው፤ ጣዕሜን ግን አልተውም።

ስውርነቱ ከየት እንደመጣ መመሪያዎ በቅርብ ያሳይ። የማጠፊያው ኩባያ፣ ማለትም በመዝጊያው በኩል ያለው ክብ ክፍሉ፣ በመዝጊያው ጀርባ በሚሰረሰር ክብ ጕድጓድ ውስጥ ይቀመጣል፦ ስፋቱ 35፣ ጥልቀቱ ከ12 እስከ 13 ሚሊ ሜትር፤ ከመዝጊያው ጠርዝ እስከ ጕድጓዱ አፍ ከ3 እስከ 6። መዝጊያው 16 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ከጕድጓዱ ሥር የሚቀረው ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ነው፤ የመሰርሰሪያው መካከለኛ ሹል ከዚያ የረዘመ ከሆነ ፊቱን በስቶ ይወጣል። ሹሉን አስቀድሞ መለካት፣ የጥልቀት ገደብም ማሰር ያስፈልጋል።

‹የውስጥ በር› ጭራሽ አይሆንም፤ ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት የሚያስገባው እሱ ነውና። ‹ውስጠ ገብ መዝጊያ› ይበሉ፤ ‹ባሕረ ገብ መሬት›ን የሠራው መንገድ ይህንንም ይሠራል። በጎን ጣውላው ላይ የሚያርፈው ‹ተደራቢ መዝጊያ›፣ አንዱን የጎን ጣውላ ከጎረቤቱ ጋር የሚካፈለው ‹ግማሽ ተደራቢ› ይሁን። ሦስቱ ስሞች የማጠፊያውን ክንድ፣ ማለትም ኩባያውን ከሣጥኑ ጋር የሚያገናኘውን ክፍል፣ ይመርጣሉ። ለተደራቢ ክንዱ ቀጥ ያለ ነው፤ ለግማሽ ተደራቢ በ9 ሚሊ ሜትር ገደማ ይቆለመማል፤ ለውስጠ ገብ በ17 ወይም በ18 ገደማ። ቀጥ ያለ ክንድ ገዝቶ ውስጠ ገብ መዝጊያ ላይ የገጠመ ሰው መዝጊያው የጎን ጣውላው ላይ ሊወጣ ሲታገል ያየዋል፤ የማስተካከያ ብሎኖቹ ይህን አያድኑም፤ የሚያንቀሳቅሱት ወደየአቅጣጫው 2 ሚሊ ሜትር ያህል ነውና። ክንዱ በጎን ጣውላው ላይ የሚያዝበት የመቀመጫው ቦታም ይለወጣል፦ ለተደራቢ ከጎን ጣውላው የፊት ጠርዝ እስከ ብሎን ቀዳዳዎቹ መሥመር 37 ሚሊ ሜትር የተለመደ ሲሆን፣ ለውስጠ ገብ የመዝጊያው ውፍረት ይጨመርበታል። 18 ሚሊ ሜትር ለሆነ መዝጊያ 55። መዝጊያው ከግንባሩ ትንሽ ወደ ውስጥ እንዲገባ ከተፈለገ ያም ልክ ይደመርበታል።

የቀረው ‹ሰፊ ከፋች› ነው። ‹ሰፊ› እዚህ ማንን ይገልጻል? አንባቢ ማጠፊያው ራሱ ሰፊ ነው ብሎ ይወስዳል። ደግሞ አማርኛ ለመዝጊያ አከፋፈት ቃል አጥቶ አያውቅም፦ ገርበብ ይላል፣ ወለል ይላል፣ ብርግድ ይላል። ብርግድ ኃይልና ድንገት አለበት፤ እኛ የምንፈልገው ወለልን ነው። ተራው ስውር ማጠፊያ ከ95 እስከ 110 ዲግሪ ይከፍታል፤ ወለል አድርጎ የሚከፍተው ከ155 እስከ 170። ልዩነቱ የሚታወቀው ከመዝጊያው በስተኋላ መሳቢያ ሲኖር ነው። ውስጠ ገብ መዝጊያ በ90 ዲግሪ ሲቆም የራሱን ውፍረት ያህል ከበሩ ወርድ ሊወስድ ይችላል፤ መሳቢያው ሲሳብ ይገጨዋል፣ እየዋለ እያደረም ጠርዙን ይልጠዋል። በ155 ዲግሪ መዝጊያው ከበሩ ወርድ ፈጽሞ ይወጣል።

ዋጋ ግን ያስከፍላል። ተራው ማጠፊያ በአራት መዞሪያ ሲሠራ ይኸኛው ከዚያ የበዙ አሉት፤ አካሉ ገዝፎ ወደ ሣጥኑ ውስጥ ይገባል፣ መደርደሪያውን ከፊት ማሳጠር ሊያስፈልግ ይችላል። አጠገቡ ግድግዳ ወይም ሌላ መዝጊያ ካለ እጀታው ይጋጫል፤ በዚህ ጊዜ የአከፋፈት ማገጃ ይጨመርበታል። ደግሞ 170 ዲግሪ የሚከፍቱት አብዛኞቹ የተሠሩት ለተደራቢ ስለሆነ፣ ቆልማማ ክንድ ወይም ከፍ ያለ መቀመጫ እንዳላቸው ከመግዛት በፊት ማየት ግድ ነው።

ስለ በር ያልኩትን የዕለት ተዕለት አነጋገር እንዳልተቀበለው አውቃለሁ። «በሩን አንኳኳ» ስንል የተመታው መዝጊያው ነው፤ ‹የካቢኔት በር›ም ከሁሉ ሰው አፍ አይወርድም። ይሁን፤ ከመግቢያው በአንድ ቦታ ‹በተለምዶ የካቢኔት በር የሚባለው› ብለው ይለፉትና ልክ ከሚሰጡበት ገጽ ያርቁት። ‹ካቢኔት›ን በ‹ት› መጨረስዎ ደግ አደረጉ፤ ‹ካቢኔ› ለሚኒስትሮቹ ተይዟል።

ርእሱን ‹ወለል አድርጎ የሚከፍት ስውር ማጠፊያ ለውስጠ ገብ መዝጊያ› ይበሉት። በዕቃ ዝርዝሩ ላይ ግን ዲግሪው ይቅደም፦ «የ155 ዲግሪ ስውር ማጠፊያ፣ ክንዱ ቆልማማ፣ ውፍረቱ 18 ሚሊ ሜትር ለሆነ ውስጠ ገብ መዝጊያ፤ ቁመቱ እስከ 900 ሚሊ ሜትር ለሆነ 2፣ እስከ 1600 ለሆነ 3፤ መዝጊያው ከባድ ከሆነ አንድ ይጨመር።»