«የወለደች ሴት ነው» ተብሎ የተተወ ሕመም፦ ጥያቄና መልስ

እንደምን አመሻችሁ። የሞጣ ልጅ ነኝ፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒ (በእንቅስቃሴ ማከምን) ተምሬ አሁን ደብረ ማርቆስ እሠራለሁ። እናቴ ልታስነጥስ ስትል እግሯን ታቆላልፍ ነበር። ምክንያቱ የገባኝ ስለ ሽንት ማምለጥ ስማር ነው። ሰባት ልጅ ወልዳ፣ አንድም ቀን ለማንም አልተናገረችም። ዛሬ የላካችሁልኝን የምችለውን ያህል እመልሳለሁ፤ የምታፍሩበትንም ጠይቁኝ።

ከቡሬ፦ ሰባተኛ ወሬ ነው። አልጋ ላይ ስገላበጥና ባጃጅ ስሳፈር ከብልቴ በላይ ያለው አጥንት የሚሰነጠቅ ይመስለኛል። ልጁን ይጎዳው ይሆን?

ልጁን አይጎዳውም፣ አይዞሽ እህቴ። በእርግዝና ጊዜ ሪላክሲን የሚባል ሆርሞን የዳሌን አጥንቶች የሚያስሩትን ጅማቶች ያላላል፤ ክብደትሽም ይጨምራል፣ አቋምሽም ይለወጣል። በአንድ እግር የሚያስቆምሽና እግርሽን የሚያራርቅ ነገር ሁሉ ሕመሙን ያባብሰዋል። ስለዚህ ተቀምጠሽ ልበሺ። ባጃጅ ላይ መጀመሪያ በመቀመጫሽ ተቀመጪና ሁለቱን እግርሽን ገጥመሽ አስገቢ። አልጋ ላይም ጉልበቶችሽን አጥፈሽና ገጥመሽ ተገላበጪ። ስትተኚ በጉልበቶችሽ መካከል የታጠፈ ጋቢ አድርጊ። ከ28ኛው ሳምንት ወዲህ እንቅልፍ ሲወስድሽ በጎንሽ ሁኚ፤ ግራም ቀኝም ይሆናል። መራመድ ካቃተሽ ወደ ፊዚዮቴራፒ ነይ፣ የዳሌ ቀበቶም ሊረዳሽ ይችላል።

ከደብረ ኤልያስ፣ አንድ አባወራ፦ ባለቤቴ ስምንት ወሯ ነው። ምንጩ ሩቅ ነው፣ ጀሪካን ትሸከማለች። እናቴ «እኛም እየተሸከምን ወልደናል» ይላሉ።

ወንድሜ፣ መጠየቅህ ብቻ ደስ አሰኝቶኛል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው። በላላ ዳሌ ላይ፣ ሆዷ ወደፊት እየጎተታት፣ ያንን ጭና ዳገት ስትወጣ ወገቧና ማህፀኗን ከሥር የሚሸከመው የዳሌ ወለል ጡንቻ ይጎዳሉ። ውሃውን አንተ ቅዳ፤ አህያ ካለህ ጫን። እናትህን ደግሞ በአክብሮት «ወገብዎ ዛሬ እንዴት ነው?» ብለህ ጠይቃቸው።

ሥራ በሙሉ ትተው ማለቴ ግን አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ሐኪም ያልከለከላትን ነፍሰ ጡር በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንድታደርግ ይመክራል። ባዶ እጇን ገበያ ሄዳ ብትመለስ ይቆጠርላታል። ምድጃውንም በድንጋይና በጭቃ ከፍ አድርገህ ሥራላት፤ አጎንብሳ ያን ሁሉ እንጀራ መጋገር ከውሃው ያላነሰ ወገብ ይቆርጣል። ደም ከታየ፣ ውሃ ከፈሰሰ፣ ደረቷን ከወጋት ወይም ዓይኗ እየደበዘዘ ራሷን አጥብቆ ካመማት ግን ነገ የለም፣ ያኔውኑ ጤና ጣቢያ።

ከዳንግላ፦ ከወለድኩ አራት ወሬ ነው። ስስልና ስስቅ ሽንቴ ያመልጠኛል። ሰው መሃል መቀመጥ ፈራሁ።

ይህን ጥያቄ የላኩ አሥራ አንድ ሴቶች ናቸው፤ ለሁሉም ነው የምመልሰው። ሽንትን፣ ሰገራንና ማህፀንን ከሥር እንደ መረብ የሚሸከም ጡንቻ አለ። በምጥ ጊዜ ይለጠጣል፣ አንዳንዴም ይቀደዳል። እንደ ክንድ ጡንቻ ግን ሲያሠሩት ይጠነክራል።

እንዲህ አድርጊ። ሰው ፊት ፈስ እንዳያመልጥሽ እንደምትይዢው ከኋላ ጭመቂ፤ ሽንት እንደምትይዢውም ከፊት ጨምሪና ወደ ላይ ሳቢ። ታፋሽና ቂጥሽ አይጠንክር፣ ትንፋሽሽም አይቁም። ከቻልሽ ከስድስት እስከ ስምንት እስክትቆጥሪ ያዢ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ልቀቂ፣ ያንኑ ያህል እረፊ። ይህን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ደጋግሚ፤ በቀን ሦስት ጊዜ። መጀመሪያ ሁለት እስክትቆጥሪ ብቻ ብትይዢ አትዘኚ፣ ከዚያው ጀምሪ። ጡት ልታጠቢ በተቀመጥሽ ቁጥር ካስታወስሽው አይረሳሽም። ሳል ሲመጣብሽ ወይም ልጁን ልታነሺ ስትይ አስቀድመሽ ጭመቂ። በሳምንት ለውጥ አትጠብቂ፤ ቢያንስ ሦስት ወር ሳታቋርጪ ሥሪ። ሽንትሽን እየሸናሽ መሃል ላይ እያቆምሽ አትለማመጂ፣ ፊኛ በደንብ እንዳይራገፍ ያደርጋል። ስትጨምቂ ወደ ታች የሚገፋ ከመሰለሽ፣ ወይም ጭራሽ የማይሰማሽ ከሆነ፣ ነይና በእጅ መርምረን እናሳይሽ።

ከአዴት፦ የጎረቤቴ ልጅ ሁለት ቀን አምጣ ወለደች፤ ልጁ አልተረፈም። ሽንቷ ቀን ከሌት ይፈሳል፣ ቀኝ እግሯንም ትጎትታለች። ያልሽው ስፖርት ይረዳት ይሆን?

እህቴ፣ ይህ ሌላ ነገር ነው። ሳትስልም ሳትስቅም ሳያቋርጥ የሚፈስ ከሆነ ፌስቱላ ሊሆን ይችላል፤ የልጁ ጭንቅላት በረጅም ምጥ ሥጋውን ተጭኖት ቀዳዳ ተፈጥሯል ማለት ነው። በስፖርት አይዘጋም። ወደ ባሕር ዳር ሃምሊን ፌስቱላ ማዕከል ውሰጂያት፣ ሕክምናው በነፃ ነው። ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን በ1974 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የመሠረቱት ሆስፒታል ቅርንጫፍ ነው። በቶሎ ከደረሰች ቀዳዳው ትንሽ ከሆነ የሽንት ቱቦ ብቻ ተደርጎላት ሊገጥም ይችላልና አትዘግዩ። የእግሯ መጎተት ከዚያው ምጥ የመጣ የነርቭ ጉዳት ነው። የእሱ ሕክምና ፊዚዮቴራፒ ነው፤ ብዙዎች ቀስ በቀስ ተመልሰው ይራመዳሉ። ሽታዋን ሸሽተው የራቋት ካሉ፣ አንቺ አትራቂያት።

ከፍኖተ ሰላም፦ ከወለድኩ በኋላ ሆዴ አልገባ አለኝ። በመቀነት ጥብቅ አድርጌ እያሰርኩ ነው።

ላላ አድርገሽ ብታስሪው ይደግፍሻል። ጥብቅ ካደረግሽው ግን ግፊቱን ወደ ታች፣ ወደዚያው ወደ ደከመው ጡንቻ ይልከዋል። በጀርባሽ ተኝተሽ፣ ጉልበትሽን አጥፈሽ፣ ራስሽን ብቻ ቀና አድርጊና እምብርትሽ አካባቢ በጣትሽ ዳስሺ። ከሁለት ጣት በላይ የሚያስገባ ክፍተት ካለ የሆድ ጡንቻሽ መሃል ለመሃል ተራርቋል። በመጀመሪያዎቹ ስምንት ሳምንታት አብዛኛው በራሱ ይጠባል። እስከዚያው ከአልጋ ስትነሺ በጎንሽ ዞረሽ፣ በክንድሽ ተደግፈሽ ተነሺ። ትንፋሽሽን እያወጣሽ እምብርትሽን በቀስታ ወደ ውስጥ ሳቢ።

ከባሕር ዳር፦ በኦፕራሲዮን ወለድኩ። መቼ ልንቀሳቀስ?

ሐኪምሽ እንደፈቀደልሽ፣ በማግስቱ። ስትስዪ ትራስ ቁስሉ ላይ ደግፊ። ለስድስት ሳምንት ከልጅሽ የሚከብድ ነገር አታንሺ።

ከመራዊ፦ አማቴ ሴት ልጅ ስለወለድሽ እስከ ክርስትናዋ፣ 80 ቀን፣ ከአልጋ አትውረጂ አሉኝ።

ገንፎውንም እንክብካቤውንም ተቀበያቸው፤ አራስ መታረሷ ጥሩ ባህላችን ነው። መተኛቱን ብቻ አልስማማበትም። ከወሊድ በኋላ ደም በእግር ሥር የመርጋት አደጋው ይጨምራል፣ መተኛት ደግሞ ያባብሰዋል። እዚያው እቤት ውስጥ ተራመጂ፤ ስትተኚም ቁርጭምጭሚትሽን ወደ ላይ ወደ ታች አንቀሳቅሺ። አንዱ ባትሽ ብቻ ካበጠና ካመመሽ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ፣ አማትሽን አስከትለሽ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል።

ከቢቸና፣ አንዲት እናት፦ ስምንት ወልጃለሁ። ውሃ ቀድቼ ስመለስ ከታች እንደ እንቁላል ያለ ነገር ይወጣል፣ ስተኛ ይገባል። 12 ዓመት ሆነኝ። ለልጆቼም አልነገርኩም።

እማማ፣ እንኳን ነገሩኝ። ማህፀንዎ ወይም ፊኛዎ ወደ ታች ወርዷል። ብዙ ሴት አለበት፤ እርስዎ ያጠፉት ነገር የለም። ጅምር ላይ ከሆነ ለዳንግላዋ እህት የነገርኳት የመጭመቅ እንቅስቃሴ ያግዛል። ከፍ ያለ ከሆነ ወደ ውስጥ የሚገባ ደጋፊ ቀለበት አለ፣ ኦፕራሲዮንም አለ። እስከዚያው ከባድ አያንሱ። ሰገራ እንዳይደርቅብዎ ተልባና ውሃ ያዘውትሩ፣ አያምጡ። ሳል ካለብዎ ይታከሙት፣ ሳሉ ራሱ ይገፋዋል። የሚመረምርዎ ሴት እንድትሆን ከፈለጉ ካርድ ሲያወጡ ይናገሩ። ከልጆችዎ አንዷን ይዘው ይምጡ።