ሳንታናን ከላይቩ ጀምረው (ለሐይቁ ልጅ ጥያቄ)

«ሳንታና ሮክ ነው ብለውኝ ስከፍተው ኮንጋና ከበሮ ነው የሚሰማኝ፣ ሰውዬው ምንድነው የሚጫወተው? ከአልበም ልጀምር ከኮንሰርት? እኛስ እዚህ ሐይቅ ያቋቋምናት ባንድ ሮክን ከወሎ ዘፈን ጋር ልንቀላቅል ብንል ከሱ የምንወስደው አለ ወይ?» ብለህ የጠየቅከው ወንድሜ አብሽር፣ ጥያቄህ አሪፍ ነው ግን መልሱ ይረዝማል ሻይህን ይዘህ ቁጭ በል። እኔ ደሴና ኮምቦልቻ ሆቴሉም ሰርጉም ላይ ሊድ ጊታር ስጫወት ዕድሜዬን የፈጀሁ ሰው ነኝ፣ ሳንታናን ደግሞ ከካሴት ዘመን ጀምሬ ነው የምሰማው፣ እና እንደ ሙዚቃ መምህር ሳይሆን እንደ ሰርግ ጊታሪስት ነው የምነግርህ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

ከኮንሰርቱ ጀምር። አልበሙ በኋላ ይደርሳል።

ኮንጋና ከበሮ ነው የሚሰማኝ ያልከው ነገር እኮ ጆሮህ ልክ ስለሆነ ነው። ሰው ሳንታና ሲባል ስለ ጊታሩ ብቻ ያወራል፣ ባንዱ ግን የቆመው በምቱ ነው። በ1966 ሳንፍራንሲስኮ ሲጀምሩ ሳንታና ብሉዝ ባንድ ነበር ስማቸው፣ ያኔ ብሉዝ የሚጫወት ነጭና ጥቁር ጎረምሳ በየሰፈሩ ሞልቷል፣ እነሱን ከዚያ ሁሉ የለያቸው ኮንጋ (በእጅ የሚመታው ረጅሙ ከበሮ) እና ቲምባሌስ (በዱላ የሚመቱት ጥንድ ከበሮዎች) ከድራሙ ጎን ቁጭ ማለታቸው ነው። በ1969 ዉድስቶክ በሚባለው ትልቁ የአሜሪካ የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ የወጡትን ስድስት ሰዎች ቁጠራቸው፣ ካርሎስ ሳንታና ጊታር፣ ግሬግ ሮሊ ኦርጋንና ድምፅ፣ ዴቪድ ብራውን ቤዝ፣ ማይክል ሽሪቭ ድራም፣ ማይክል ካራቤሎ ኮንጋ፣ ቼፒቶ አሪያስ ቲምባሌስ። ከስድስቱ ሶስቱ መቺ ናቸው! ቼፒቶ ከኒካራጓ የመጣ ነው፣ ካርሎስ ሜክሲኮ አውትላን የምትባል ከተማ በ1947 የተወለደ፣ ሽሪቭ ደግሞ የካሊፎርኒያ ልጅ፣ ሁሉም የየራሱን ይዞ ነው የመጣው። ስለዚህ ሮክ ነው ላቲን ነው ጃዝ ነው ብለህ አትጨነቅ፣ ከላይ ብሉዝና ሮክ ነው ከስር ኩባና አፍሪካ ነው፣ በቃ።

ስለ ጊታሩ አንድ ነገር ብቻ ልበል። አባቱ ማሪያቺ በሚባለው የሜክሲኮ ባህላዊ ሙዚቃ ቡድን ውስጥ ቫዮሊን ተጫዋች ነበር፣ ልጁንም መጀመሪያ ያስያዘው ቫዮሊን ነው፣ ጊታሩ በኋላ ነው የመጣው፣ ሜክሲኮ ቲኋና ከተማ ክለቦች ውስጥም ገና ልጅ ሆኖ ተጫውቷል። እኔ እንደሚመስለኝ አጨዋወቱ ከዚህ ነው የመጣው፣ በደጋን የጀመረ እጅ አንዷን ኖታ ይዞ መሳብ ይወዳል እንጂ አስር ኖታ አይረጭም። ማሲንቆ የሚመታ ዘመድ ካለህ አሰማው፣ ወዲያው ይገባዋል።

ወደ ዉድስቶክ ስመለስ፣ ኦገስት 16 ቅዳሜ ከሰዓት ነው የወጡት፣ የመጀመሪያ አልበማቸው ገና አልወጣም ነበር (የወጣው በዚያው ወር መጨረሻ ነው)፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ማን እንደሆኑ አያውቅም፣ ቢል ግራሃም የሚባል የሳንፍራንሲስኮ ኮንሰርት አዘጋጅ ነው ካላስገባችኋቸው ብሎ ያስገባቸው። የመጨረሻውን ረጅሙን ያለ ግጥም የሚጫወቱትን ፈልግ፣ በ1970 በወጣው ፊልም ላይ አለ። ስታየው ታዲያ መጀመሪያ ጊታሩን እርሳው፣ ካራቤሎና ቼፒቶ እጃቸው የት ላይ እንደሚያርፍ ብቻ ተመልከት፣ ከዚያ ሽሪቭ ብቻውን ሲቀር እየው፣ የሃያ ዓመት ልጅ ነው ያኔ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አድርጎ ሹክሹክታ እስኪመስል አውርዶት መልሶ ያነሳዋል፣ ሕዝቡም አብሮት ይነሳል። ካርሎስ ፊቱን ሲያጨማድድ ስታይ ወይ ስሜት ትል ይሆናል፣ ራሱ በኋላ እንዳወራው ግን ዕፅ ወስዶ ስለነበር የጊታሩ አንገት እንደ እባብ እየተጠማዘዘበት ሊይዘው ሲታገል ነው። ይሄኛውን ትምህርት እንኳን ተወው።

ሁለተኛ የማሳይህ አክራን ነው። በማርች 6 1971 የጋና የነጻነት ቀን ላይ አክራ አደባባይ ሌሊቱን ሙሉ የተደረገ ኮንሰርት አለ፣ ዊልሰን ፒኬት፣ አይክና ቲና ተርነር፣ ሮበርታ ፍላክ ሁሉ የነበሩበት፣ ሳንታናም እዚያ ተጫውቷል። ይሄን የምነግርህ በምክንያት ነው፣ የመጀመሪያ አልበማቸው ላይ «ጂንጎ» የሚለው የናይጄሪያዊው የባባቱንዴ ኦላቱንጂ ነው፣ እና ምቱ ከምዕራብ አፍሪካ ወጥቶ በሳንፍራንሲስኮ ዞሮ ተመልሶ ምዕራብ አፍሪካ ገባ ማለት ነው።

አሁን ወደ ባንዳችሁ የሚያመጣኝ ነጥብ እዚህ ጋ ነው። በ1970 የወጣው «አብራክሳስ» አልበም ላይ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው ሁለቱ ዘፈኖች የሱ አይደሉም። አንዱ የፒተር ግሪን ነው፣ የፍሊትዉድ ማክ ባንዱ፣ እንግሊዞች። ሌላው «ኦዬ ኮሞ ቫ» የቲቶ ፑዌንቴ ነው፣ ኒውዮርክ ያደገ የፖርቶሪኮ ዘር የሆነ የቲምባሌስ ጌታ። የፑዌንቴን ኦርጅናል ፈልገህ ስማውና ከሳንታናው ጋር አስተያየው፣ ፍሉቱና ትራምፔቱ የለም፣ በቦታው ኦርጋንና የሚጮህ ጊታር ገብቷል፣ ምቱ ግን ያው ቻቻቻ ነው፣ ፍጹም አልነኩትም። ሮክ ያደረጉት መሳሪያውን ቀይረው እንጂ ምቱን ቀይረው አይደለም። እኛ አገር ደግሞ የሚደረገው ግልባጩ ነው፣ ዘመናዊ እናድርገው ሲሉ ዜማውን እንዳለ ይተዉና ምቱን ይገድሉታል።

በየሰርጉ የማየውን ልንገርህ። ችክችካው እየሄደ ነው፣ ሰዉ ትከሻውን ይዞታል፣ ከዚያ ጊታሪስቱ ዲስቶርሽን (ጊታሩን የሚያስጮኸውን ፔዳል) ይረግጣል፣ ድራመሩ «አሁን ሮክ ነው» ብሎ ስድስት ስምንተኛውን ወደ ፎር ፎር ያስተካክለዋል፣ በዚያች ቅጽበት እስክስታው ይጠፋል ወላሂ፣ ሰዉ ትከሻውን የት እንደሚያስቀምጠው አያውቅም፣ እናቶች ይቀመጣሉ፣ ሶስት አራት ጎረምሳ ብቻ ፊት ለፊት ይዘላል። ጥፋቱ የዲስቶርሽኑ አይደለም እኮ። ከበሮው እንዳለ ቢቀጥልና ባስ ድራሙ የከበሮውን ከባዷን ምት ብቻ ቢደግፋት፣ ሃይሃቱ ቀለል ብሎ ቢሄድ፣ ጊታሩ ከላይ እንደፈለገ ይጩህ፣ ማንም አይቀመጥም። እኛ ኮምቦልቻ ላይ እንዲህ አድርገን ስንጫወት ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ሲነሱ አይቻለሁ፣ ጊታሩን ወደውት አይመስለኝም፣ ምታቸው ስላልተነካባቸው ነው።

ቅኝቱ ላይ ደግሞ የወሎ ልጅ ዕድለኛ ነው፣ ከአራቱ ሁለቱ ባቲና አምባሰል በኛው አገር ስም ነው የሚጠሩት። ባቲ ማይነርን ከሲ (C) ጀምረህ ውሰድ፣ ሲ፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ ፍላት፣ ይሄ እኮ ብሉዝ ጊታሪስት ሁሉ ማይነር ፔንታቶኒክ (ባለ አምስት ኖታ) ብሎ የሚጫወተው ራሱ ነው! ሳንታና ቀስ ባሉት ዘፈኖቹ ላይ ሶሎ ሲጀምር «ይሄን አውቀዋለሁ» የሚያሰኝህ ለዚህ ነው፣ በርግጥ እሱ መሃል መሃል ላይ ሌሎች ኖታዎች ይጨምራል ሙሉ በሙሉ እኛጋ አይቆይም። ስለዚህ ከባቲ ማይነር ጀምሩ፣ በጣም ነው የሚቀለው።

አምባሰልም ይሄዳል ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ነው፣ መነሻው ሲ ላይ ሙሉ ኮርድ ከመታህ ሶስተኛዋ ኖታ ቅኝቱ ውስጥ ስለሌለች ዜማውን ታበላሽብሃለች፣ ማሪቱ ለገሰን እየሰማህ ያደግክ ጆሮ ወዲያው ይቆጣል። ፓወር ኮርድ (መነሻዋና አምስተኛዋ ኖታ ብቻ) ምታ፣ የሲ፣ የዲ ፍላትና የኤፍ ፓወር ኮርዶች ሶስቱም ቅኝቱ ውስጥ ቁጭ ብለዋል፣ ከሲ ወደ ዲ ፍላት ስትወጣ ደግሞ የሄቪ ሜታል ሰዎች የሚወዱት ዓይነት ክብደት አለው፣ ሞክረውማ። አንቺሆዬን ግን ለጊዜው ተዉት፣ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ነው፣ ከመነሻው ኖታ አምስተኛዋ ራሷ የለችም፣ እና መነሻው ላይ ፓወር ኮርድ ስትመታ ከዘፋኙ ጋር ትጣላለህ። መንዙማንም ሮክ እናድርገው የሚል ካለ የኔን ሐሳብ ከጠየቅከኝ አይሆንም፣ ድቤው እየሞቀ ሲሄድ እንዴት እንደሚያነሳ ቁጭ ብላችሁ ተማሩበት ግን የሰው ዱዓ ላይ ጊታር አትሰኩ።

ለማንኛውም ወደ ሰውዬው። በ1972 «ካራቫንሰራይ» የሚል አልበም አወጣ፣ ወደ ጃዝ ጭልጥ ብሎ የገባበት፣ የሬዲዮ ዘፈን የሚባል ነገር የለውም፣ የኩባንያው አለቃ ክላይቭ ዴቪስ ይሄ ሥራህን ያጠፋብሃል ብሎት ነበር። ሮሊና ሁለተኛው ጊታሪስት ኒል ሾን ሄደው በ1973 ጀርኒ የሚባለውን ባንድ መሠረቱ። ካርሎስ ግን አልተመለሰም፣ በዚያው ዓመት ኦሳካ ጃፓን ላይ «ሎተስ»ን ቀዳ፣ ሶስት ሸክላ የሞላ ላይቭ ነው፣ ኩባዊው አርማንዶ ፔራዛ ኮንጋ ላይ አለበት። እኔን አንድ ብቻ ምረጥ ብትለኝ ይሄን ነው የምመርጠው፣ ዉድስቶክ ላይ ጉልበት ነው ያለው፣ እዚህ ግን እርስ በርስ ሲደማመጡ ትሰማለህ፣ ጊታሩ አንዳንዴ ለብዙ ደቂቃ ዝም ይላል እና መቺዎቹ ብቻ ይሄዳሉ። ባንድ መሪ ሆኖ ዝም ማለት ቀላል እንዳይመስልህ፣ እኛ አገር ሊድ ጊታሪስት ዝም ካለ ገመዱ ተበጥሶ ነው።

ሰማንያዎቹን ዝለላቸው። በ1999 «ሱፐርናቹራል» መጣ፣ ያው ክላይቭ ዴቪስ ነው ያወጣለት ደግሞ፣ የሚገርም ነው። ከሮብ ቶማስ ጋር የሠራው «ስሙዝ» አሜሪካ ላይ 12 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ፣ በ2000 ግራሚ ላይ እሱ ራሱ በአንድ ሌሊት 8 ወሰደ። ደሴ ውስጥ ያኔ በየሻይ ቤቱ ይሄው ነበር የሚከፈተው። አልበሙን አልጠላውም፣ ግን በየዘፈኑ አዲስ ዘፋኝ ይመጣል፣ እሱ በገዛ ቤቱ እንግዳ ሆኖ በር ላይ ቆሞ ነው የሚጫወተው የሚመስለኝ። እነዚያኑ ዘፈኖች ኮንሰርት ላይ ሲጫወታቸው ስማቸው፣ መሃሉን ከፍተው ለኮንጋ ይሰጡታል፣ ያኔ ሌላ ናቸው።

ድምፁን እንዴት ያመጣዋል ብለህ ማሰብህ አይቀርም፣ ሁሉም ጊታሪስት የሚጠይቀኝ እሱን ነው። ያቺ ረጅም የምትቆይ ኖታ ከፔዳል ብቻ አትመጣም፣ አምፑ ጮክ ማለት አለበት፣ ጊታሩም ከስፒከሩ በሚመለሰው ድምፅ መርገብገብ አለበት፣ ሳንታና ሳውንድ ቼክ ላይ መድረኩን እየዞረ ኖታዋ የምትቆይበትን ቦታ ፈልጎ በቴፕ ምልክት ያደርግ ነበር። ሆቴል ውስጥ ግን «ቀንሱልን ደንበኛ ሸሸብን» ይሉሃል፣ እና ያለህ መፍትሔ ትንሽ አምፕ ወስደህ ከወገብህ ከፍ አድርገህ ወንበር ላይ ማስቀመጥና ቀረብ ብሎ መቆም ነው፣ የዘፋኙን ማይክ ብቻ ከፊቱ አርቀው አለዚያ ሌላ ጩኸት ይመጣል።

የኛ አገር ምሳሌ ከፈለግክ ጃኖ ባንድን ስማ፣ በ2012 የወጣውን «ኤርታሌ»ን። ከባድ ጊታር ከኛ ቅኝት ጋር እንዴት እንደሚሄድ ከነሱ በላይ ያሳየ የለም። ፕሮዲዩሰሩ ቢል ላስዌል ነው፣ ይሄው ሰውዬ በ2001 የሳንታናን የሰባዎቹን ቅጂዎች እንደገና ሚክስ አድርጎ አውጥቷል፣ ዓለም ጠባብ ናት። ጃኖ ላይ ያለኝ ቅሬታ አንዳንዴ ድራሙ በጣም መግዘፉ ነው፣ ከበሮውን ፈልጌ አጣዋለሁ።

ሰውዬው አሁንስ ካልከኝ፣ ከ2012 ጀምሮ ላስቬጋስ አንድ የኮንሰርት አዳራሽ ውስጥ በየጊዜው እየተመላለሰ ይጫወታል፣ ድራም ላይ ሚስቱ ሲንዲ ብላክማን ናት፣ እሷን ለብቻዋም ፈልጋት ከባድ ጃዝ ድራመር ናት። በጁላይ 2022 ሚሺጋን ላይ ሙቀቱና የውሃ ጥማቱ መድረክ ላይ ጥሎት ሁሉም ደንግጦ ነበር፣ 75 ሊሞላው ቀናት ሲቀሩት ነው፣ አገግሞ ተመለሰ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ በስልክ ስፒከር አትስማው፣ ኮንጋውና ቤዙ አይወጣም ቀጭን ጊታር ብቻ ነው የሚቀርህ። ዋይፋይ ያለበት አውርደው ማታ በኢርፎን ወይ ደህና ስፒከር ካለው ጓደኛህ ጋ ሄደህ ስማ፣ ሁሉም የባንዱ ልጅ አብሮ ቢሰማው ይሻላል ድራመሩ በተለይ። ከዚያ አንድ የባቲ ማይነር ዘፈን ምረጡና ቀድታችሁ ላኩልኝ፣ ግን መጀመሪያ ይሄን መልስልኝ፣ ባንዳችሁ ውስጥ ከበሮ የሚመታ ሰው አለ ወይስ ድራም ብቻ ነው ያላችሁ? ከሌላችሁ ሰርግ ላይ የሚመቱ ጎበዝ ልጆች ሐይቅም ኩታበርም አሉ፣ አገናኝሃለሁ።