ማኅተሙ ማን ጋ ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሄርማታ ገበያ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ እሸጣለሁ። በቅርቡ የሰፈራችን ዕድር ኮሚቴ ሲመርጥ ሰባት ሰው ይፈለግ ነበር። ስድስት ወንዶች ከተጠቆሙ በኋላ አንድ ሽማግሌ ተነሱና «ኧረ አንድ ሴት ትጨመር፣ ዘመኑ ነው!» አሉ። ሰው ሳቀ። እኔ ፊት ወንበር ላይ ስለነበርኩ ተጨመርኩ። ሥራ ሲደለደል ሰብሳቢ፣ ምክትል፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ሒሳብ ተቆጣጣሪ፣ ለፋፊ ሁሉም ወንድ ሆነ። እኔ የዕቃ ኃላፊ ተባልኩ። ድስትና ሰሃን ቆጣሪ ማለት ነው። ቤት ስገባ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ወንድሜ «ኮታ ማለት ይሄ ነው። በሕግ ግማሹ ሴት ይሁን ቢባል አገሩ ሁሉ እንዳንቺ ሰሃን ቆጣሪ ይሞላል» ብሎ አበሸቀኝ። እውነቱን ነው? ለመሆኑ ሴቶች ግማሽ ይሁኑ የሚል ሕግ አለን?

ከጅማ፣ ቦሳ ቂጦ

መልስ፦ እህቴ፣ «አንድ ሴት ትጨመር» የምትለዋን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ። እኔም ተጨምሬ አውቃለሁና።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ስሠራ፣ የአንድ ምክር ቤት አባል ነበርኩ። የትኛው እንደሆነ ይቅር፤ ሰዎቹ ዛሬም አዌቱ ድልድይ ላይ ሲያገኙኝ ሰላም ይሉኛል። ስብሰባው የሚጠራው ማታ 12 ሰዓት ነው። 12 ሰዓት ለወንዶቹ ከሥራ መውጫ ነው። ለኔ ሽሮው የሚንተከተክበት፣ ልጆች እግራቸውን የሚታጠቡበት ሰዓት ነው። ሮጬ ስደርስ ግማሹ አጀንዳ አልቋል። ሰብሳቢው ሁሌ በመጨረሻ፣ ሰው ኮቱን ሲያነሳ፣ «ሴቶችስ ምን ትላላችሁ?» ይላል። ሦስት ነን። እንተያያለን። ስብሰባው ይበተናል።

አንድ ቀን ያለፈውን ሳምንት ቃለ ጉባኤ እንድፈርም ሰጡኝ። ጉዳዩ የውሃ ቦኖ የት ይተከል የሚል ነበር። ወንዶቹ ለአስፋልቱ ዳር ወስነዋል። እኛ ሴቶቹ ጀሪካን ተሸክመን የምንወጣው ግን ከታች፣ ከጭቃው በኩል ነው። ቃለ ጉባኤው ላይ እንዲህ ተጽፏል፦ «ሴት ተሳታፊዎችም ሐሳቡን በሙሉ ድምፅ ደግፈውታል።» በዚያ ማታ እኔ አፌን አልከፈትኩም፤ ሌሎቹም አልከፈቱም። ከስሜ ጎን በሰማያዊ ቢክ «አልተጠየቅኩም» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ጸሐፊው ወረቀቱን አበላሸሽብኝ ብሎ አኮረፈኝ። በሚቀጥለው ስብሰባ ግን ሰብሳቢው ገና ከመጀመሩ ወደኔ ዞሮ «እስቲ ዛሬ አንቺ ጀምሪ» አለ። ፈርቶ ነው። ይሁና፣ በፍርሃትም ቢሆን ተጀመረ። ቦኖው ግን አስፋልቱ ዳር ተተከለ።

ይህን የማወራሽ ወንድምሽ ከፊሉን እውነት ስለተናገረ ነው። ሰው ቆጥሮ ብቻ የሚቆም ሕግ ድስት ቆጣሪ ያመርታል። ከዚህ ተነስቶ ሕግ አያስፈልግም ማለቱ ላይ ግን ተሳስቷል።

ግማሽ ይሁኑ የሚል ሕግ የለንም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ሴቶች ከወንዶች እኩል መብት አላቸው ይላል። ካለፈው ዘመን የበታችነት ውርስ ለመላቀቅም የድጋፍ እርምጃ ተጠቃሚ ይሆናሉ ይላል። ቁጥር አይጠራም። የምርጫው አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ደግሞ መንግሥት ለፓርቲዎች የሚሰጠው ገንዘብ ሲከፋፈል ስንት ሴት እጩ አቀረቡ የሚለው እንዲታይ ያደርጋል። ማባበያ እንጂ ግዴታ አይባልም።

ታዲያ ፓርላማ ውስጥ የምናያቸው ሴቶች ከየት መጡ? በ1992ቱ ምርጫ ከ547 ወንበር የሴቶቹ 42 ብቻ ነበር። በ2002 ወደ 152 ወጣ። በ2007 ደግሞ 212 ደረሰ። ያመጣው ሕግ አልነበረም። ገዥው ፓርቲ በራሱ ውሳኔ ሴት እጩ አበዛ፤ ወንበሩንም ጠቅልሎ ወሰደ፤ ሴቶቹም አብረው ገቡ። ነገ ሌላ ፓርቲ ቢመጣ፣ ወይም ያው ፓርቲ ሐሳቡን ቢቀይር፣ ማን ይጠይቀዋል?

ካቢኔውን ተመልከቺ። ጥቅምት 2011 ላይ ከ20 ሚኒስትሮች 10ሩ ሴቶች ሆኑ። ዜናውን የሰማሁት አጂፕ አካባቢ ማኪያቶ እየጠጣሁ ነው። እኔን ያስደነቀኝ ከቁጥሩ ይልቅ የወንበሩ ዓይነት ነበር። አይሻ መሐመድ መከላከያን ያዙ። ሙፈሪያት ካሚል አዲሱን የሰላም ሚኒስቴር ያዙ፤ ፌዴራል ፖሊስና ደኅንነት በሥሩ ነበሩ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ «ሴቶች ጉዳይ እኮ ለሴት ይበቃት ነበር» አለ። ያ ሰውዬ ከናንተ ዕድር ሳይሆን አይቀርም። በ2014 መጀመሪያ አዲስ ካቢኔ ሲዋቀር ግን ግማሽ መሆኑ ቀረ። የጣሰው ሕግ የለም፤ መጀመሪያውኑ አልተጻፈማ።

የጻፉትስ ምን ሆኑ? ጎረቤታችን ኬንያ በ2010 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥቷ በምርጫ በሚቋቋም አካል ውስጥ ከሁለት ሦስተኛ በላይ አንድ ፆታ አይሁን አለች። ለካውንቲ (ለአካባቢ አስተዳደር) ምክር ቤቶች ጉድለቱ እንዴት እንደሚሞላ አብሮ ተጻፈ። ለብሔራዊው ፓርላማ ግን ሳይጻፍ ቀረ። ፓርላማው ማስፈጸሚያ ሕግ እንዲያወጣ ፍርድ ቤት ደጋግሞ አዘዘ፤ አላወጣም። በመስከረም 2020 እ.ኤ.አ. ዋና ዳኛው ዴቪድ ማራጋ ፓርላማው ይበተን ብለው ለፕሬዚዳንቱ ጻፉ። አልተበተነም። ሩዋንዳ በበኩሏ በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕገ መንግሥቷ ከ80ው የምክር ቤት ወንበር 24ቱን ለሴቶች ለይታ አስቀመጠች። ሴቶቹ በቀሪው ወንበርም እየተወዳደሩ ዛሬ ከግማሽ በላይ ሆነዋል። ሴኔጋል በ2010 እ.ኤ.አ. የእጩ ዝርዝር አንድ ወንድ አንዲት ሴት እየተፈራረቀ ካልተጻፈ አይመዘገብም አለች። ሕጉን ያላከበረ ፓርቲ ምርጫው ውስጥ የለም ማለት ነው። ፈረንሳይ ደግሞ ለፓርላማ ምርጫ ቅጣቱን በገንዘብ አደረገችው። ሀብታሞቹ ፓርቲዎች ከፍለው ወንድ አቀረቡ። ገንዘብ ላለው ቅጣት ምኑ ነው?

እኔን በጣም የምትገርመኝ ግን ህንድ ናት። በ1993 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ በዋለ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የመንደር ምክር ቤቶች ወንበር አንድ ሦስተኛው ለሴቶች ተለየ። ብልሃቱ እዚህ ላይ አላቆመም። የሊቀመንበርነቱ ቦታም አንድ ሦስተኛው ለሴት ይሁን ተባለ። ተራው በየጊዜው ስለሚዞር በዚህ ምርጫ የዚህ መንደር ሊቀመንበር የግድ ሴት ትሆናለች፣ በሚቀጥለው የዚያኛው። በመጀመሪያ ብዙ ቦታ ባል ነበር ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው። ሚስት ትፈርማለች፣ እሱ ያዛል። ለእንዲህ ዓይነቱ ባል የቀልድ ስም ሁሉ ወጥቶለታል። ነገሩ ግን በዚያ አልቀረም። ከጊዜ በኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኘችው የኢኮኖሚ ተመራማሪ ኤስተር ዱፍሎና የሥራ ባልደረባዋ በምዕራብ ቤንጋልና በራጃስታን መንደሮቹን አነጻጸሩ። ሊቀመንበርነቱ ለሴት የተለየባቸው መንደሮች የመጠጥ ውሃ ላይ ብዙ ሠርተው ተገኙ። እዚያም ውሃ የምትቀዳው ሴቷ ናት። ያንን ሳነብ ያ አስፋልት ዳር የተተከለው ቦኖ ትዝ አለኝ። ሦስታችን ሴቶች ምክር ቤቱ ውስጥ ነበርን እኮ! አጀንዳውን የሚያስገባው፣ ማኅተሙን የያዘው ሰው ግን ሌላ ነበር።

እኛ ጋ አንድ ችግር አለ። ለተወካዮች ምክር ቤት በአንድ የምርጫ ክልል የሚያሸንፈው አንድ ሰው ነው። ስለዚህ የሴኔጋል ዓይነት ተፈራራቂ ዝርዝር እንዳለ አይገጥመንም። ፓርቲው ግማሽ ሴት አቀርባለሁ ብሎ ሁሉንም ተሸናፊ በሚሆንበት ቦታ ሊያሰልፋቸው ይችላል። እንደ ሩዋንዳ ወንበር መለየት ይሻላል ባይ ነኝ። ለሕገ መንግሥታችንም እንግዳ ነገር አይሆንበትም። አንቀጽ 54 ቁጥራቸው አነስተኛ ለሆኑ ብሔረሰቦች ቢያንስ 20 ወንበር ለይቶ አስቀምጧል። ሕጉ ሲጻፍ ደግሞ ከቁጥሩ ቀጥሎ ሁለት ነገር ይግባ፦ አፈ ጉባኤና የቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ ስንቱ ሴት እንደሚሆን፣ ካልተሟላም ምን እንደሚከተል። ሁለተኛው ከሌለ ኬንያን መሆን ነው።

ወደ ዕድርሽ ልመለስ። ኃላፊነቱን አትልቀቂ። ዕቃውን ተረከቢ፤ ቆጥረሽ፣ ጽፈሽ፣ አስፈርመሽ ተረከቢ። ስንት ሰሃን እንደጎደለ ያኔ ይታወቃል፤ በኔ ግምት ሰው የሚያፍርበት ቁጥር ይወጣል። ከዚያ የሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ መተዳደሪያ ደንቡ ይሻሻል በይ። ብዙ አትጠይቂ። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ «ከባንክ ፈራሚዎች ቢያንስ አንዷ ሴት ትሆናለች።» ብቻሽን አትነሺ። ከጉባኤው በፊት አራት አምስት ሴቶች ቡና ላይ ሰብስቢና ማን ሐሳብ እንደሚያቀርብ፣ ማን እንደሚደግፍ ተማከሩ። ወንዶቹም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ እነሱ ጠጅ ቤት ነው የሚጨርሱት። የስብሰባውን ሰዓትም አስቀይሪ። እሑድ ጠዋት 4 ሰዓት ቢሆን ግማሹ ሴት ይመጣል።

ጥያቄ፦ ለአዘጋጇ፣ እኔ አስተማሪ ነኝ፣ ሁለት ሴት ልጆችም አሉኝ። ለሥልጣን ችሎታ እንጂ ፆታ መታየት የለበትም ባይ ነኝ። ልጆቼ ነገ «በኮታ የገባች» ሲባሉ አይሰደቡም? እርስዎስ እንዲህ ቢባሉ ደስ ይልዎታል?

ከጅማ፣ ጊንጆ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ተብያለሁ እኮ። ሁለት ዓመት ሙሉ «የኮታዋ» ነበር ስሜ። ደስ አይልም፤ አልዋሽዎትም።

ግን አንድ ነገር ልንገርዎት። የመጀመሪያ ዓመቴ ላይ በጀት ሲቀርብ ምንም አልገባኝም። አፍሬ ዝም አልኩ። አጠገቤ የተቀመጠው አባል ጎንበስ ብሎ «እህቴ፣ ይሄ ተሰብሳቢ ሒሳብ የሚሉት እኛ ልንከፍል ነው ወይስ ሊከፈለን?» አለኝ። ሰውዬው የበጀት ኮሚቴ ውስጥ አራት ዓመት ቆይቷል። እሱን ችሎታ አለህ ወይ ብሎ የጠየቀው የለም። እኔ በዚያው ሳምንት ገንዘብ ቤት የምትሠራ ጓደኛዬን ይዤ ሌሊት ተማርኩ። «የኮታዋ» የሚለው ስም ነው ያስጠናኝ።

ደግሞስ ችሎታ ብቻ የሚታየው የት ነው? አንድ ሰው ሲሾም የየት ክልል ነው፣ የየት ብሔር ነው ሳይባል ያለፈበት ቀን ያስታውሳሉ? ያንን ተዋጽኦ እንለዋለን፤ ማንም ተሰደብኩ አይልም። ሴት ላይ ሲደርስ ብቻ ስሙ ኮታ ይሆናል።

በአንድ ነገር ግን ከእርስዎ ጋር ነኝ። ለዘላለም መሆን የለበትም። ኢትዮጵያ በ1981 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው በሴቶች ላይ የሚደረግ ልዩነትን የሚያስወግደው ስምምነት ራሱ እንዲህ ያለውን እርምጃ ጊዜያዊ ይለዋል፤ ግቡ ሲመታ ይቁም ይላል። ልጆችዎ እስኪያድጉ ቢቆም እኔ የመጀመሪያዋ አጨብጫቢ ነኝ።

ጥያቄ፦ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በአገራችን ፓርላማ ተመርጣ የገባች የመጀመሪያዋ ሴት ማን ናት? ክፍል ውስጥ ተከራክረን ነው።

መልስ፦ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ናቸው። በ1955 እ.ኤ.አ. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሕዝቡ የሕግ መምሪያ ምክር ቤቱን እንዲመርጥ ፈቀደ፤ የመጀመሪያው ምርጫ በ1957 እ.ኤ.አ. ተካሄደ፤ እሳቸውም ተወዳድረው ገቡ። ከዚያ በፊት ፋሺስት ጣሊያንን ከአርበኞች ጋር ሆነው ታግለዋል፤ ተይዘውም ጣሊያን አገር አሲናራ ደሴት ታስረዋል። ከነጻነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ። ክርክሩን ማን እንዳሸነፈ ጻፊልኝ። ወንድ ከሆንክም ጻፍልኝ፤ ስምህን አልገለጽክም።