ምንም ሳትፈልጉ ደውሉ

ከማሳደጊያ ከወጣች ገና አምስት ወር የሆናት ልጅ ባለፈው ሳምንት በቴሌግራም ጻፈችልኝ፦ «ጋሼ፣ ምንም ሳያስፈልገኝ መደወል ነውር ነው?» እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ እናት ቤት ያላደገ ልጅ ብቻ ነው። መልሱን ስጽፍ ግን ሐሳቤ ሌላ ልጅ ዘንድ ሄደ።

ሃያ ስድስት ዓመት ያገለገልኩት በሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ በማኅበራዊ ሠራተኝነት ነው። ያ ልጅ ዐሥራ ስምንት ሲሞላው ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ የከሰል ምድጃ፣ አንድ ድስትና መቋቋሚያ ገንዘብ ተሰጠው፤ ኮልፌ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየንለት። በሦስተኛው ቀን ደወለ። «ጋሼ፣ ሽሮ ለአንድ ሰው ስንት ማንኪያ ነው?» ሳቅኩበት። እሱ ሽሮ ሲሠራ ያየው ለሰማንያ ልጅ ነው፤ ወጥ ሠሪያችን በርሜል የሚያህለውን ድስት ቆማ በሁለት እጇ ነበር የምታማስለው። ድስት ጥርጊያውን ሁልጊዜ የምታስቀምጠው ለእሱ ነበር፤ ነፍሷን ይማር።

የ2006 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ዋዜማ ማታ ስልኬ አንድ ጊዜ ጮኾ ተቋረጠ። የእሱ ሚስኮል ነው። ቤቱ በእንግዳ ተሞልቷል፣ ባለቤቴ ዶሮ ትበልታለች። ገንዘብ ሊጠይቀኝ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ደገመ። ሦስተኛ ሲጮኽ ስልኩን ገልብጬ ቡፌው ላይ አስቀመጥኩት።

ከበዓሉ በኋላ ስደውል ዝግ ነው። ከወራት በኋላ አንዲት ሴት አነሣች፤ ቁጥሩ ለእሷ ተሽጧል። ኮልፌ ሄድኩ። አከራይዋ «ፍራሹን ሸጦ ሄደ» ብለው ድስቱን አወጡልኝ። ምናልባት «እንኳን አደረስዎ» ሊለኝ ነበር። አላውቅም።

ከማሳደጊያ የወጣችሁ ልጆች፣ ስልክ ቁጥራችሁን የሙጥኝ በሉ የምለው ለዚህ ነው። ሲሙ በራሳችሁ ስም ይውጣ፤ በማሳደጊያው ሠራተኛ ስም የወጣ ሲም ይዛችሁ የወጣችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ብዙ ጊዜ ያልተሠራበት ቁጥር ይዘጋና ለሌላ ይሰጣል፤ ቴሌብሩም ቴሌግራሙም የሚከፈተው በቁጥሩ ነውና አብሮ ይሄዳል። የአምስት ሰው ስልክ በደብተር ጻፉ። ስልኩን መርካቶ የተሰረቀ ሰው የእናቱን ቁጥር በቃሉ ያውቃል፤ እናንተስ የማንን? በኢንተርኔት ስለሚያጭበረብሩ ሰዎች ሁሉም ስለሚነግራችሁ እኔ አልደግመውም።

የዘመኑ ልጆች ግን ታናድዱኛላችሁ። ማሳደጊያችን ውስጥ አብረው ያደጉት ልጆች በቴሌግራም ቡድናቸው ውስጥ አስገብተውኛል፤ ቀኑን ሙሉ የኳስ ቪዲዮ ነው። የቤት ኪራይ ያቃተው ልጅ ካፌ ተቀምጦ የተነሣውን ፎቶ ይለጥፋል። ለዚህ ነው ወይ ጥቅል የምትገዙት? ደግሞ ጥር ላይ አንዱ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት «ትኩሳት ይዞኛል» ብሎ ሲጽፍ፣ ባጃጅ ይዞ ደርሶ ጤና ጣቢያ የወሰደው ያው በኳስ ቪዲዮ ያሰለቸኝ ልጅ ነው። እኔ መልእክቱን ያየሁት ጠዋት ነው።

ለልጅቷ «ነውር የለውም፣ ደውዪ» ብዬ መለስኩላት። ትናንት ማታ ደወለች። ኔትወርኩ ሁለት ጊዜ ተቋረጠብን። የጎረቤት ድመት አልጋዋ ሥር አራት ግልገል ወልዳለች፤ አንደኛው ዓይኑን አልገለጠም አለችኝ።