የቤት ብድር፦ ስለ ደንቡና ስለ አደጋው ለጠየቃችሁኝ

ባንክ ብድር ክፍል ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። የማውቀውን ልመልስ።

ደሞዜ ይበቃል፣ ካርታው ንጹህ ነው። ባንኩ ግን «ቆይተህ ሞክር» አለኝ። ለምን?

ችግሩ አንተ ጋ ላይሆን ይችላል፣ ወንድሜ። ብሔራዊ ባንክ የዋጋ ንረቱን ለመግታት በነሐሴ 2015 የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደበ። በ2017 ወደ 18 በመቶ ከፍ አደረገው። ጣሪያ ሲኖር ባንክ ይመርጣል። ለነጋዴ የሰጠው በዓመቱ ይመለሳል፣ መልሶ ያበድረዋል። የቤት ብድር 20 ዓመት ይቀመጣል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚገፋው የቤት ፈላጊው ማመልከቻ ነው።

ታዲያ ገደቡ አደጋን ቀነሰ ማለት ነው?

ለባንኩ፣ አዎ። አስቀማጭ ገንዘቡን ነገ ማውጣት ይችላል፤ ያ ገንዘብ 20 ዓመት ቤት ላይ ከታሰረ ባንኩ ይጨነቃል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ብድር ያጣው ሰው ነው። ቤት መፈለጉን አይተውም። እቁቡን፣ የእህቱን የዱባይ ገንዘብ ሰብስቦ መሠረቱ ላልወጣ አፓርታማ ይከፍላል። ባንክ ቢሆን ካርታውን ያጣራል፣ መሐንዲስ ልኮ ያስገምታል። እሱ በእጁ ያለው ውልና ደረሰኝ ነው። ግንባታው ቢቆም የሚጎዳው እሱ ብቻ ነው። ደንብ አውጪዎቻችን ይህን አደጋም እንዲቆጥሩት እፈልጋለሁ።

ወለዱ መሀል ላይ ሊጨምር ይችላል?

ውሉ ከፈቀደ፣ አዎ። 3 ሚሊዮን ብር በ17 በመቶ ለ20 ዓመት ቢበደሩ ወርሃዊ ክፍያው 44,000 ብር ገደማ ነው። ከመጀመሪያው ወር ክፍያ 42,500ው ወለድ ነው፤ ከዋናው የሚቀነሰው 1,500 ብር ብቻ። ወለዱ ገና ከጅምሩ 19 በመቶ ቢገባ ክፍያው ወደ 48,600 ይወጣል። ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት «ባንኩ ወለድ የማሻሻል መብት አለው» የሚል አንቀጽ ካለ ፈልገው ያንብቡ።

መክፈል ቢያቅተኝስ?

እህቴ፣ ይህን በደንብ ያዢው። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ውሉ ላይ ከተስማማችሁ፣ ባንኩ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ፍርድ ቤት ሳይሄድ ቤቱን በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ባንኮች ለማበደር የሚደፍሩት በዚህም ነው። ስለዚህ ደብዳቤው እስኪመጣ አትጠብቂ። ደሞዝሽ እንደተቋረጠ ቅርንጫፉ ሄደሽ የክፍያ ጊዜ እንዲራዘምልሽ በጽሑፍ ጠይቂ፤ ቅጂው ላይም ማህተም አስመቺ።